አርመናዊው የሙዚቃ አባት፦ ነርሲስ ናልባንዲያን

በዚህ ዓምድ የሴቶችን ሕይወት መጻፍ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ ግን የአንድ ወንድ፣ ያውም በትውልዳቸው አርመናዊ የሆኑ ሰው ታሪክ መርጠናል። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

ነርሲስ ናልባንዲያን የተወለዱት በ1907 ዓ.ም. ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው አይንታብ ከተማ ነው። ዓመቱ ለአርመኖች የእልቂት ዓመት ነበር። ቤተሰባቸው ተሰዶ ሶርያ፣ ሐለብ ገባ። ልጁ ያደጉት በስደተኛ ቤት ሲሆን በዚያው ከተማ ሙዚቃን ተምረው መዘምራንን መምራት ጀመሩ።

ኢትዮጵያ እንዴት መጡ ለሚል፣ መልሱ በአጎታቸው በኩል ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲገቡ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደዷቸው፤ አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ በኋላ በንግሥ በዓሉ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እኒሁ ሰው ናቸው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ነርሲስ የወንድማቸው ልጅ ናቸው። አዲስ አበባ የደረሱት በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ከነፃነት በኋላ አገሪቱ አዲስ ባንዶችን ታቋቁም ጀመር። ነርሲስ በመጀመሪያ የማዘጋጃ ቤቱን፣ ቀጥሎ የፖሊስን ኦርኬስትራ አሠለጠኑ። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈት ኦርኬስትራውን ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ይመሩት ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላ ኃላፊነቱ ወደ ነርሲስ ተሻገረ።

እዚህ ላይ ስለ ትልቁ ባንድ ጥቂት እንበል። በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ሃርለም፣ ሳቮይ የተባለው የጭፈራ አዳራሽ በእ.ኤ.አ. 1926 ተከፍቶ ነበር። በእነዚያ ዓመታት እነ ዱክ ኤሊንግተን፣ እነ ካውንት ቤዚ፣ እነ ቺክ ዌብ ስዊንግ የሚባለውን ጃዝ ይጫወቱ ነበር። ሳክስፎኖች አንድ ረድፍ፣ ትራምፔቶች አንድ ረድፍ፣ ትሮምቦኖች አንድ ረድፍ ይይዛሉ፤ ከኋላቸው ከበሮ፣ ባስና ፒያኖ ምቱን ይይዛሉ። አንዱ ረድፍ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል። ሙዚቃው የተሠራው ተቀምጠው እንዲያዳምጡት ብቻ አልነበረም፤ ሰው እንዲነሣ፣ ወንድና ሴት ተያይዘው እንዲደንሱበት ነው። ያ ድምፅ በሸክላና በራዲዮ እየዞረ አዲስ አበባም ደርሷል፤ የከተማው ሰው በየሆቴሉ ቫልስ፣ ታንጎ፣ ማምቦ መደነስ ለምዶ ነበር።

የነርሲስ ፈተና ይህንን መቅዳት አልነበረም። መቅዳትማ ቀላል ነው። ከባዱ የእኛን ዜማ በዚያ ባንድ ማስጫወት ነበር። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ አምስት አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። በቀደመው ልማዳችን ዘፋኙም ማሲንቆውም አንዱን ዜማ ይከተላሉ እንጂ ሦስትና አራት የተለያየ ድምፅ በአንድ ጊዜ አይደራረብም። የአውሮፓው ስምም ድምፅ ግን በሰባት ድምፅ መሰላል ላይ የተሠራ ነው፤ እንዳለ ቢጭኑት ዜማው መልኩን ይለውጣል። በተለይ አንቺ ሆዬ በግማሽ ድምፅ ተጠጋግተው የሚቆሙ ድምፆች ስላሉት ከተለመደው ኮርድ ጋር ይጣላል። ነርሲስ ዜማውን ሳያዛቡ ረድፎቹን ለማስማማት ዕድሜ ልካቸውን ደከሙ። የመንዝ ሴት ነጩንና ጥቁሩን ሱፍ ለየብቻ ትፈትላለች፤ ሁለቱም በአንድ ባና ላይ የሚገናኙት በሸማኔው እጅ ነው። የአቀናባሪ ሥራም በእኛ ዓይን ይህንኑ ይመስላል።

አሁን ምክንያታችንን እንናገር። በዚያ ዘመን መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ስሟ ይጠፋ ነበር፤ አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ ነበር፤ ቀደም ባለው ቴአትር የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንድ ነበር የሚጫወተው። የመንግሥት ኦርኬስትራዎች ይህንን በአንድ ቀን አልለወጡትም። ግን ለሴት ዘፋኝ ደመወዝ፣ መለያ ልብስ፣ የልምምድ ሰዓትና ከኋላዋ የሚቆም ሙሉ ባንድ ሰጧት። ብዙነሽ በቀለ በክቡር ዘበኛ፣ ሂሩት በቀለ በፖሊስ ኦርኬስትራ ሲዘፍኑ የኖሩት በዚህ በር ነው፤ አስናቀች ወርቁም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተዋናይትና ክራር ደርዳሪ ነበረች። ነርሲስ ይህንን በር ብቻቸውን አልከፈቱትም፤ ወታደሮቹም፣ የቴአትር ሰዎቹም፣ ከሁሉ በላይ ራሳቸው ሴቶቹ አሉበት። ነገር ግን ዘፋኝ የሚቆምበትን ወለል ካነጠፉት አንዱ ናቸው። በየወሩ ቁጠባችንን ስናስገባ እኛም የምንፈልገው ይኸው አይደለም? ሥራችን እንደ ሥራ እንዲቆጠር።

ጊዜያቸውን የጨረሱት በማስተማር ነው፤ በቴአትሩም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም። ኢትዮጵያዊ ዜግነት አግኝተዋል። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ለጉባኤው የሚሆን መዝሙር ደረሱ። አገር አልባ ሆነው ያደጉ ሰው ለአህጉር መዝሙር መድረሳቸው ሳያስደንቀን አይቀርም።

በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ዱክ ኤሊንግተን ራሱ ከነባንዱ አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀበለ። ወራት ሳይቆዩ አብዮቱ ፈነዳ። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ አጠፋው፤ ትልልቆቹ ባንዶችም ቀስ በቀስ ተመናመኑ፤ ነርሲስም በ1970 ዓ.ም. አረፉ። ከአርባ ልጆች ጋር የመጣው የናስ መሣሪያ ድምፅ የሃምሳ ዓመት ባለታሪክ ሆኖ ነበር።

ወረቀቶቻቸው ግን አልጠፉም። ቤተሰባቸው ያቆያቸውን ድርሰቶች ከአሜሪካ ቦስተን የመጣው ኢዘር ኦርኬስትራ አንሥቶ በትልቅ ባንድ ተጫውቷቸዋል፤ ተቀርጸውም ታትመዋል። በቀጣዩ የማኅበሩ ስብሰባ፣ ከቡናው በኋላ፣ አንዱን በስልክ አጫውተን አብረን እንሰማዋለን።