ዘርአ ያዕቆብ (ፈላስፋ)

ዘርአ ያዕቆብ (ወርቄም ይባላል) በግዕዝ በተጻፈው ሐተታ የሚታወቅ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ ነው። ከአፄ ዘርአ ያዕቆብ ጋር መምታታት የለበትም። መጽሐፉ እንደሚተርከው በ1592 ዓ.ም. አክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ተወለደ። ዜማ፣ ቅኔና ትርጓሜ ተምሮ አክሱም ላይ አስተማሪ ሆነ። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ ሕዝቡን በፈረንጆች ላይ ያነሣሣል ተብሎ ተከሰሰ፤ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ። በተከዜ አቅራቢያ ባገኘው ዋሻ ሁለት ዓመት ብቻውን ተቀመጠ።

የፍልስፍናው መነሻ ይህ ዋሻ ነው። ዳዊት እየደገመ ይጸልያል፤ ግን ጸሎቱን የሚሰማ አምላክ መኖሩን ሳይቀር ጠየቀ። ከራሱ መፈጠር ተነሥቶ ፈጣሪ እንዳለ ካረጋገጠ በኋላ፣ ሰዎች በእምነት ለምን እንደሚለያዩ ወደ መመርመር ዞረ። መመዘኛው ልቡና ነበር፤ ከአባቶች የተወረሰም ሆነ ከመጽሐፍ የተገኘ ትምህርት በእሱ ይፈተናል። በዚህ ሚዛን ምንኩስናን፣ የጾም ሕግንና የባሪያ ንግድን ነቀፈ። ጸሎቱን ግን አልተወም።

ከሱስንዮስ ሞት በኋላ እንፍራዝ ገብቶ ሀብቱ ለሚባል ባለጸጋ መጻሕፍት ገለበጠ፣ ልጆቹንም አስተማረ። የቤቱን አገልጋይ ኂሩትን አገባ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ይል ነበር። ሐተታውን የጻፈው ተማሪው ወልደ ሕይወት ስለለመነው ነው። በ93 ዓመቱ እንዳረፈ ተጽፏል።

መጽሐፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፓሪስ የላከው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። ከእንጦጦ ግርጌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ግን የዘርአ ያዕቆብ ነው ብሎ ሞገተ። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም።