የእጓለ ማውታዎቹ አባት ጆርጅ ሙለር

የወለዱትን ልጅ መውደድ ተፈጥሮ ነው። የሰውን ልጅ፣ ያውም ውለታ ሊመልስ የማይችለውንና አንዳንድ ጊዜም ፍቅርን በክፋት የሚከፍለውን ልጅ መውደድ ግን በብዙ ድካም የሚገኝ ትምህርት ነው። ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ የምንተርክለት ጆርጅ ሙለር ይህን ትምህርት በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል ከተማ፣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲማረው ኖረ።

ሙለር በ1805 (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በፕሩስያ፣ ክሮፐንሽቴት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር። ልጁ ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላው አባቱ በአደራ ከያዘው የመንግሥት ገንዘብ ይሰርቅ ጀመር። በ14 ዓመቱ እናቱ በምትሞትበት ሌሊት እሱ መታመሟን እንኳ ሳያውቅ ካርታ ይጫወት ነበር። በ16 ዓመቱም በየሆቴሉ እየበላና እያደረ ሳይከፍል ሲሄድ ተይዞ በዎልፈንቢትል ወኅኒ ታሰረ። ዕዳውን ከፍሎ ያስፈታው አባቱ ነው፤ አስፈትቶም አጥብቆ ገረፈው፤ ከቤቱ ግን አላባረረውም። ይህን የምናነሣው የሙት ሰው ስም ለማጉደፍ አይደለም፤ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

አባቱ ልጁ ቄስ ሆኖ በደኅና ደመወዝ እንዲኖር ተመኝቶ ወደ ሐሌ ዩኒቨርስቲ ላከው። በ1825 በአንድ ሰው ቤት በተደረገ የጸሎት ስብሰባ ላይ ልቡ ተነካና ኑሮውን ለወጠ። በዚያው በሐሌ፣ ፍራንከ የተባለው ቄስ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ባቋቋመው የእጓለ ማውታ ቤት፣ ለድኻ ተማሪዎች በነፃ በሚሰጥ ክፍል ጥቂት ጊዜ ተቀመጠ።

በ1829 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፤ በ1832 በብሪስቶል ሰባኪ ሆነ። የተወሰነ ደመወዝ አልቀበልም ብሎ ነበር። በገባበት ዓመት ኮሌራ ከተማይቱን መታ። በ1835 ደግሞ የራሱ ሕፃን ልጅ ሞተበት፤ በዓመቱ፣ በኤፕሪል 1836፣ በዊልሰን መንገድ በተከራየው ቤት ወላጅ የሌላቸውን ሴቶች ልጆች ተቀበለ። እውነቱን ለመናገር ሙለር ቤቱን ሲከፍት ዋና አሳቡ ልጆቹ አልነበሩም። ማንንም ገንዘብ ሳይለምን፣ እግዚአብሔርን ብቻ በመለመን እንዲህ ያለ ሥራ ሊቆም እንደሚችል ለሰው ለማሳየት ነበር፤ ይህንንም ራሱ ሳይደብቅ ጽፎታል። ገንዘቡንም፣ ቤቱንም፣ ረዳቶቹንም በጸሎት ጠይቆ አገኘ። ልጆች በሚመዘገቡበት ቀን ግን ማንም አልመጣም። ለካ ስለ ልጆቹ መጸለዩን ረስቶ ኖሯል!

ከዚያ በኋላ የመጡት ልጆች ግን ለእርሳት ጊዜ አልሰጡትም። በ1838 የሚበላ የሚገዛበት ገንዘብ ከእጅ የጠፋባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ያን ጊዜ ረዳቶቹ ከራሳቸው ጥሪት እያወጡ ልጆቹን አበሉ። በ1857 በብርድ ወራት የማሞቂያው ቦይለር ቀዳዳ አወጣና ሊጠገን እሳቱ መጥፋት ነበረበት። በቤቱ 300 ሕፃናት አሉ፤ የሰሜኑም ነፋስ ብርቱ ነው። ሙለር ነፋሱ እንዲለወጥና ሠራተኞቹም ልብ እንዲያገኙ ጸለየ። በቀኑ ነፋሱ ከደቡብ ነፈሰ፤ ሠራተኞቹም ሌሊቱን ሙሉ እንሥራ አሉ። የነፋሱን ነገር አንባቢ እንደ ወደደ ይፍታው፤ እኛን የሚገርመን የሠራተኞቹ ነው።

ሥራው እየሰፋ ሄዶ ከ1849 እስከ 1870 ድረስ በአሽሊ ዳውን ኮረብታ ላይ ከሁለት ሺህ በላይ ልጆች የሚይዙ አምስት ትልልቅ ቤቶች ተሠሩ። ወንዶቹን እስከ 14 ዓመት ገደማ፣ ሴቶቹን እስከ 17 አስተምሮ ሥራ ያስይዛቸው ስለ ነበረ፣ ከፋብሪካውና ከማዕድን ጉድጓዱ ርካሽ ጉልበት ነጠቀን ብለው ያማረሩ ነበሩ። ለአንድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አይገኝም።

በዚያ ዘመን በብዙ የእንግሊዝ እጓለ ማውታ ቤቶች ልጅ የሚገባው ገንዘብ አዋጪዎች ድምፅ ሲሰጡለት ነበር። ዘመድ የሌለውን ታዲያ ማን ይመርጠዋል? ሙለር ይህን ልማድ አልተቀበለም፤ እናትና አባቱ የሞቱበት ችግረኛ ልጅ ያለ ድምፅና ያለ አማላጅ ገባ። ሆኖም በሕጋዊ ጋብቻ ያልተወለደውን ልጅ ደንቡ አያስገባውም ነበር። የዘመኑ አስተሳሰብ ነው ቢባልም፣ ልጁ ያልሠራውን ጥፋት ተሸክሞ ከበር መመለሱ እስከ ዛሬ ያሳዝነናል።

ከሁሉ ይልቅ የምናስበው ግን የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። በ1849 ሲገባ ስምንት ዓመት አልሞላውም፤ ግን የለየለት ሌባና ውሸታም ነበር፤ በሌብነቱም ይኩራራ ነበር። ሁለት ጊዜ የጓደኞቹን ዕቃ ይዞ ጠፋ፤ ሁለት ጊዜም መልሰው ተቀበሉት። መከሩት፣ ቀጡት፣ ጸለዩለት። ከአምስት ዓመት በላይ ከታገሡት በኋላ ሌሎቹን እንዳያበላሽ ተብሎ፣ በማኅበሩ ሁሉ ፊት ተጸልዮለት ተሰናበተ። ከሄደም በኋላ ጸሎታቸውን አላቋረጡም። አምስት ዓመት መታገሡን ስናይ ሙለር የዎልፈንቢትልን ወኅኒ አልረሳም እንላለን። የአባቱ ቤት በር ግን በሱ ላይ ተዘግቶበት አያውቅም ነበር። ከልጆቹ መካከል አንዱን የማሰናበት ፍርድ ትክክል ይሁን አይሁን፣ በኃላፊነት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ቶሎ አይፈርድም።

ሙለር በማርች 10 ቀን 1898፣ በ92 ዓመቱ፣ ከልጆቹ ቤቶች በአንዱ ውስጥ በምትገኘው መኝታ ክፍሉ ሞተ። በዋዜማው ማታ የጸሎት ስብሰባ መርቶ ነበር። በሕይወቱ ከ10,000 በላይ ልጆች በእጁ አደጉ፤ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ፓውንድም በእጁ አለፈ። የራሱ ንብረት ሲቆጠር የቤቱ ዕቃ ጭምር ሁለት መቶ ፓውንድ አልሞላም። በቀብሩ ቀን የብሪስቶል ሕዝብ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ሲያይ፣ ልጆቹ አስከሬኑን ተከትለው በእግራቸው ሄዱ።