የጨጓራን ምሥጢር የመረመረው ኢቫን ፓቭሎቭ



የደብረ ታቦር ልጅ ሁሉ የቡሄን ዋዜማ ያውቀዋል። ነሐሴ 12 ቀን ከየቤቱ ጢስ ይወጣል፤ የሙልሙል ሽታም መንደሩን ይሞላዋል። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ስለ ሆነ የምትጋግረው እናት ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ እህል አትቀምስም። አንድ ዓመት በዚሁ ቀን እናቴ ምጣዱ አጠገብ እንደ ተቀመጠች ሆዷን ይዛ የዳቦው ሽታ ጨጓራዋን እንዳቃጠላት ነገረችን። እኛ ልጆቿ ግን ሽታ እንዴት አድርጎ ሆድ ያማል ብለን ሳቅንባት። ቆይቼ የኢቫን ፓቭሎቭን ታሪክ ሳነብ እውነቱ ከእናቴ ጋር እንደ ነበረ ተረዳሁ፤ በሳቄም አፈርሁ። ስለዚህ የዚህን ሊቅ ታሪክ ባጭሩ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1849 በሩስያ አገር ሪያዛን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበር። ልጁም የአባቱን ፈለግ እንዲከተል መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን የተፈጥሮ ጥናት ልቡን ስለ ሳበው በ1870 ትቶት ወደ ፒተርስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ከዚያም ሕክምና ተማረ። ብዙ ዘመን በችግር ከኖረ በኋላ በ1891 በአንድ የሕክምና ምርምር ተቋም የፊዚዮሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆነ።

በዚያ ዘመን ሊቃውንትን ያከራከረው ጥያቄ፥ ጨጓራ አሲድ የሚያመነጨው ምግብ ሲነካው ብቻ ነውን ወይስ አስቀድሞ የሚያዝዘው አለ የሚል ነበር። ፓቭሎቭ ይህን ለማወቅ የውሻን የምግብ ቧንቧ ባንገቱ በኩል ወደ ውጭ ከፈተው፤ በጨጓራውም ላይ ትንሽ ቱቦ አኖረ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ውሻው ሥጋ ሲበላ የዋጠው ሁሉ ባንገቱ በኩል ይወድቃል፤ ወደ ጨጓራው አንዲት ጉርሻ እንኳ አትደርስም። ይሁን እንጂ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ የጨጓራው ፈሳሽ በቱቦው ይወርድ ጀመር። ምግቡን ማሳየት ብቻ እንኳ ፈሳሹን ያመጣው ነበር።

ትእዛዙ በምን መንገድ ወረደ? ከአንጎል ሥር ተነሥቶ፥ ባንገትና በልብ አጠገብ አልፎ፥ እስከ ሆድ ዕቃ የሚደርስ ቬገስ የሚባል ረጅም ነርቭ በግራና በቀኝ አለ። ፓቭሎቭ ሁለቱን በቆረጣቸው ጊዜ ውሻው ቢበላም ፈሳሹ አልመጣም። መልእክተኛው ቬገስ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ዛሬ እንደምናውቀው የነርቩ ጫፍ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ይህም የጨጓራን ሕዋሳት ቀስቅሶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያስመነጫል። ምግብ ካለ አሲዱ ሥራ ያገኛል፤ ጨጓራው ባዶና የቆሰለ እንደ ሆነ ግን ሕመም ያስነሣል።

ፓቭሎቭ በዚህ ሥራው በ1904 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ ከሩስያ ሰዎችም የመጀመሪያው ነበር። የውሾቹን ውለታ ስላልረሳ በ1935 በተቋሙ ግቢ ሐውልት እንዲቆምላቸው አደረገ። በ1936 በ86 ዓመቱ ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ በ1943 ድራግስቴት የተባለ ሐኪም በቺካጎ ቬገስን እየቆረጠ የአንጀት ቁስል ያክም ጀመር። በ1982 ደግሞ ማርሻልና ዋረን በአውስትራልያ የአብዛኛው ቁስል መነሻ የሆነውን ባክቴሪያ አገኙ። ስለዚህ ዛሬ ብዙው ሕመምተኛ ያለ ቢላዋ በመድኃኒት ይድናል።

እኔም ይህን ካነበብሁ በኋላ እናቴን ይቅርታ ጠይቄ አብሬያት ወደ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሲመረምሯት ያው ባክቴሪያ ተገኘባት፤ የታዘዘላትንም መድኃኒት ሳታቋርጥ ጨረሰች። ዘንድሮ በቡሄ ዋዜማ ምጣዱ አጠገብ አየኋት፤ እጇ ሊጡ ላይ እንጂ ሆዷ ላይ አልነበረም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ወላጆቻችን ሲያማቸው ጨጓራ ነው ብለን አንለፈው። ፓቭሎቭ የውሻን ሆድ ያን ያህል ዘመን በትዕግሥት ከመረመረ፥ እኛ የእናታችንን ቃል ጥቂት ብናዳምጥ አይበዛብንም።