ታንግ ዪንግ እና ሆን ተብሎ የተሰነጠቀው የሸክላ ልባስ

በቆቦና በራያ ቆላ ቤቶች ቡና የሚቀዳበት ዕቃ ሲኒ ይባላል። ቃሉ በዐረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን የቻይና ማለት ነው። ስሙ የዕቃውን አገር ቢያስታውስም ሠሪዎቹን አያስታውስም። ይህ ጽሑፍ የእነዚያን ሠሪዎች ሙያ መዝግቦ ያቆየውን የታንግ ዪንግን ሕይወት በአጭሩ ይቃኛል።

ታንግ ዪንግ በ1682 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በሸንያንግ፣ ቤተ መንግሥቱን በትውልድ ከሚያገለግል ወገን ተወለደ። ገና በልጅነቱ ቤተ መንግሥት ገብቶ በ1723 በዕደ ጥበብ ክፍሉ ተሾመ። በ1728 ደግሞ በጂንግዴዠን ከተማ የሚገኘውን የንጉሠ ነገሥቱን የሸክላ ሥራ እንዲቆጣጠር ተላከ። ስለ ጭቃና ስለ እሳት የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ እንግዳ መቀበል ትቶ ሦስት ዓመት ከሠራተኞቹ ጋር እየበላና እያረፈ ሙያውን ተማረ።

ንጉሠ ነገሥት ዮንግዠንግ በሶንግ ዘመን (960–1279) የተሠሩትን ዕቃዎች ይወድ ነበር። ጓን እና ጌ የሚባሉት ዕቃዎች ገላቸው ጠቆር ያለ ሲሆን፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ልባሳቸው በስንጥቆች መረብ የተሸፈነ ነው። ስንጥቁ የሚፈጠረው ዕቃው ከእሳት ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ልባሱ ከገላው ይበልጥ ስለሚኮማተር ነው። በመሆኑም ስንጥቁን በፈቃድ ለማምጣት መልኩን መቅዳት አይበቃም፤ የጭቃውንና የልባሱን ምጣኔ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥንታውያኑ ዕቃዎች ከቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ለአርአያነት ይላኩ ነበር። ከአዲሶቹም ብዙዎቹ ከሥራቸው የራሳቸውን ዘመን ንጉሥ ማኅተም ይዘዋል። እነዚህ ለማታለል ሳይሆን ጠፍቶ የነበረውን ጥበብ መልሶ ለመያዝ የተሠሩ ናቸው።

ታንግ ዪንግ በ1735 ባቆመው የድንጋይ ጽሑፍ 57 የሥራ ዓይነቶችን ሲዘረዝር የጓንና የጌ አምሳያዎችን ከፊት አስቀመጣቸው። ሆኖም ሹመቱ ከወቀሳ አላዳነውም፤ በ1741 ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ በዕቃዎቹ ጥራት ገሠጸው። በ1743 በዚሁ ንጉሥ ትእዛዝ፣ ድንጋይ ከመቆፈር እስከ ምድጃው አምላክ መሥዋዕት ድረስ ሥራውን ለሚያሳዩ 20 ሥዕሎች ማብራሪያ ጻፈ። በሚንግ ዘመን፣ በሹማምንት ጭቆና ወቅት ራሱን ወደ ምድጃው እንደወረወረ የሚነገርለትን የሸክላ ሠራተኛ የቶንግ ቢንን ታሪክም ጽፏል። ታንግ ዪንግ በ1756 ዐረፈ።

መዝገቡ እንከን የለሽ አይደለም፤ ስንጥቁን ያወጡት እጆች በአብዛኛው ስማቸው አልተጻፈም። ቢሆንም በአገራችን የሸክላ ሠሪዎች ጀበናና ምጣድ በየቤቱ ሲፈለግ እነርሱ ለረጅም ዘመን ሲናቁ መኖራቸውን ለሚያስብ ተመራማሪ የታንግ ዪንግ ሕይወት አንድ ሥርዓት ያስተምራል፤ ይኸውም ስለ ሙያው ከመጻፍ በፊት ከባለሙያው ጋር መቀመጥ ነው።