ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በስደት አገር

የቍስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ እንግዳ አይደለም። በስሙ የሚጠራው ቅዳሴ ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው፤ በዕብራውያን መልእክት ላይ የተናገረው ድርሳኑ በመጻሕፍተ ሊቃውንት ጉባኤ ይተረጐማል፤ መታሰቢያውም ግንቦት 12 ቀን ይከበራል። ነገር ግን ስለ እርሱ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወደሰው የአንደበቱ ጣዕም ነው። ያ አንደበት በሕዝብ መካከል እንዳይናገር ከተከለከለ በኋላ ባለቤቱ በምን እንደ ጸና የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ምእመናን በየቤታቸውም ሆነ በንስሓ አባታቸው ፊት የሚያነሡት ጥያቄ ግን ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ይኸውም እግዚአብሔርን እያገለገልሁ ስለ ምን ይህ ደረሰብኝ የሚለው ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ገጥሞታል፤ አስቀድሞ በባልንጀራው፥ ኋላም በራሱ። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ዮሐንስ በ347 ዓ.ም. ገደማ በሶርያ አንጾኪያ ተወለደ። አባቱ ሰኩንዶስ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ሹመት የነበረው ሰው ሲሆን ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በሃያ ዓመቷ መበለት ሆና ቀረች፤ ሌላ ባልም ሳታገባ ልጇን አሳደገች። ለትምህርት በደረሰ ጊዜ ሊባንዮስ ለተባለው መምህር ሰጠችው፤ ይህም ሰው አምልኮ ጣዖትን ያልተወ፥ በንግግር ጥበብ ግን በዘመኑ የታወቀ ነበር። ዮሐንስ ከተጠመቀ በኋላ ዓለምን ትቶ ለመመነን ባሰበ ጊዜ እናቱ እጁን ይዛ ወደ ተወለደበት አልጋ አጠገብ ወሰደችው፤ በዚያም አስቀምጣ ዳግመኛ መበለት እንዳያደርጋት በእንባ ለመነችው። ይህን ነገር ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፉ ራሱ ተርኮታል። ከዚህ በኋላ ጊዜው ሲደርስ ወደ ተራራ ወጣ፤ አራት ዓመት ከአንድ አረጋዊ ባሕታዊ ጋር፥ ሁለት ዓመት ደግሞ ብቻውን በዋሻ ተቀመጠ። በዚያ ዋሻ እንቅልፍን ትቶ ቆሞ እያደረ መጻሕፍትን በቃሉ ያጠና ነበር፤ ነገር ግን ብርዱ ሆዱንና ኵላሊቱን ስለ ጐዳው ታሞ ወደ ከተማ ተመለሰ። ይህ ሕመም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። ስለ እግዚአብሔር ብሎ በደከመበት ሥራ ያገኘው የመጀመሪያው ነገር የማይድን ደዌ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

በ381 ዓ.ም. ዲያቆን ሆኖ ተሾመ። በእነዚያ ዓመታት ስታጊርዮስ የሚባል ባልንጀራ ነበረው፤ ከባለጸጋ ቤት የተወለደ ሲሆን የአባቱን ሀብት ንቆ መነኰሰ። ከመነኰሰ በኋላ ግን በምድር ላይ የሚጥል ጽኑ ደዌ ያዘው፤ በዚያን ጊዜ የነበሩ ሰዎችም ደዌውን የርኵስ መንፈስ አደረጉት። ስታጊርዮስ ኀዘኑ እጅግ ስለ በረታበት ራሱን እስከ ማጥፋት የሚያደርስ አሳብ ይፈታተነው ጀመር። የሚያስጨንቀው ደዌው ብቻ አልነበረም። በተድላ ሲኖር ጤነኛ የነበረ ሰው ለእግዚአብሔር ከተለየ በኋላ መታመሙ፥ እንደ እርሱ የታመሙ ሌሎች ሲፈወሱም እርሱ ጸልዮና አጸልዮ መቅረቱ ነበር። ዮሐንስ ሦስት መጻሕፍት ጻፈለት። በእነዚህም ከአዳም ጀምሮ የቅዱሳን አበውን መከራ በየተራ እያነሣ የእግዚአብሔር መግቦት ከማንም እንዳልተለየ አስረዳው፤ ከደዌውም ይልቅ ተስፋ መቍረጥ እንደሚከፋ ነገረው። ነገር ግን ስታጊርዮስ ስለ ምን እንደ ታመመ የተቈረጠ ምክንያት አልሰጠውም። በእኔ አስተያየት የዚህ አባት ታላቅነት ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እንዲያ ያለ የንግግር ጥበብ የተሰጠው ሰው ምክንያት መፍጠር አይቸግረውም ነበር። እኛ እንኳ ለቅሶ ቤት ገብተን በአንዲት ሰዓት ውስጥ ሦስትና አራት ምክንያት እናመጣለን።

በ386 ዓ.ም. ቅስናን ተቀብሎ በአንጾኪያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሰበከ። በዚያው ዓመት የእግዚአብሔርን ባሕርይ መርምረን ደርሰንበታል ብለው የሚታበዩትን የአውኖምዮስን ተከታዮች በመቃወም ተከታታይ ስብከት ጀመረ፤ ባሕርየ መለኮት ለሰው ቀርቶ ለሱራፌልም የማይመረመር መሆኑን አስተማረ። በ387 ዓ.ም. ሕዝቡ በግብር መክበድ ተቈጥቶ የንጉሥ ቴዎዶስዮስን ሐውልቶች በሰበረ ጊዜ ከተማው ሞትን ሲጠባበቅ፥ አረጋዊው ኤጲስ ቆጶስ ፍላብያኖስ ምሕረት ሊለምን ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደ፤ ዮሐንስም በዐቢይ ጾም ሕዝቡን ሲያጽናና ሰነበተ። ምሕረቱም ተገኘ። ስሙ በምሥራቅ ሁሉ የተሰማው ከዚህ በኋላ ነው።

በ397 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳሳት ንክታርዮስ ስለ ሞተ የንጉሥ አርቃድዮስ ባለሟል ኤውትሮፕዮስ ዮሐንስን ለመንበሩ መረጠው። የአንጾኪያ ሕዝብ እንዳይከለክል ተፈርቶ በዘዴ ከከተማ ውጭ አስጠሩትና በሠረገላ አድርገው ወሰዱት። ሹመት ሳይፈልግ ተይዞ የተሾመ አባት ነው። በ398 ዓ.ም. በተሾመ ጊዜ የመንበሩን ግብዣ አስቀረ፤ ለጌጥ የተገዛውን ሸጠ፤ ገንዘቡንም ለድኾችና ለሕሙማን ቤት አደረገው። ካህናቱን ገሠጸ፤ ባለጠጎችንም ስለ ድኻ በሰበከ ቍጥር ያስቈጣቸው ነበር። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ትውፊት እንደሚነገረው ንግሥት አውዶክስያ የአንዲት መበለት ቦታ በመውሰዷ ገሠጻት፤ የናቡቴን ወይንና የኤልዛቤልን ነገር ያሳሰበ ጠብ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ለመናገር ብዙዎች ይከብዳቸዋል፤ ተሸፍኖ እንዲታለፍም የሚሹ አሉ። እኔ ግን መሸፈን አይገባም እላለሁ። ቅዱስ ዮሐንስን ያሳደዱት ክፉዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ፈተናው ቀላል በሆነ ነበር። ከግብፅ ገዳማት ተሰደው የመጡትን መነኰሳት በማረፊያ ስለ ተቀበላቸው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ ተጣላው። የቆጵሮሱ ቅዱስ ኤጲፋንዮስም በ403 ዓ.ም. በሽምግልናው ባሕር ተሻግሮ በመጣ ጊዜ በዮሐንስ ማረፊያ ማደርን እንቢ አለ፤ ሳይታረቁም ተለያዩ፤ ኤጲፋንዮስ ወደ አገሩ ሲመለስ በባሕር ላይ ዐረፈ። ቅዱስ ቄርሎስም በዚያን ጊዜ ወጣት ሲሆን ከአጎቱ ከቴዎፍሎስ ጋር በመጣው ወገን መካከል ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ ዮሐንስ አፈወርቅን፥ ቅዳሴ ኤጲፋንዮስንና ቅዳሴ ቄርሎስን በአንድ መጽሐፍ ጠርዛ በየጊዜው ትቀድስባቸዋለች። በምድር አብረው ለመቀደስ ያልተስማሙ አባቶች በእኛ መቅደስ አብረው ይጠራሉ። እግዚአብሔር ቅዱሳኑ እንዲህ እንዲለያዩ ለምን እንደ ፈቀደ መጽሐፍ አይነግረንም።

በዚያው በ403 ዓ.ም. በኬልቄዶን አጠገብ ዛፍ በሚባለው ስፍራ ሠላሳ ስድስት ያህል ኤጲስ ቆጶሳት ተሰብስበው ዮሐንስን በሌለበት ሻሩት። ጠላቶቹ ከዳኝነት ወንበር ካልተነሡ አልቀርብም ብሎ ነበርና ነው። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ከብቦ ቢጠብቀውም ደም እንዳይፈስ ራሱን በሥውር ለወታደሮች ሰጠ። ብዙም ሳይቈይ በቤተ መንግሥት መዓት ስለ ደረሰ ንግሥቲቱ ደንግጣ አስመለሰችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን በዐቢይዋ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የንግሥቲቱ የብር ሐውልት ቆመ፤ የጭፈራው ጩኸትም ጸሎቱን አወከ፤ እርሱም ገሠጸ፤ ጠቡም ታደሰ። በ404 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት ወታደሮች ንኡሰ ክርስቲያን ወደሚጠመቁበት ስፍራ ሰይፍ መዘው ገቡ፤ የጥምቀቱም ውሃ በደም ቀላ።

ሰኔ 20 ቀን እንዲወጣ ትእዛዝ መጣ። ሕዝቡ እንዳይታወክ በማሰብ የሚጋልበው እንስሳ በምዕራብ በር እንዲቆም አደረገ፤ እርሱ ግን ሴቶች ዲያቆናውያትን ተሰናብቶ በምሥራቅ በር ወጣ። ከእነዚህ ሴቶች አንዲቱ ሀብቷን ሁሉ ለድኾች የሰጠችው ኦሊምፒያዳ ነበረች። በዚያው ሌሊት ቤተ ክርስቲያኒቱ ተቃጠለች፤ እሳቱንም ያነሡት የዮሐንስ ወዳጆች ናቸው ተብሎ ብዙዎች ተገረፉ፥ ተሰደዱ።

ሰባ ቀን ያህል በንዳድ እየታመመ ተጓዘ። በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ዐረፍ ባለ ጊዜ መነኰሳት ቤቱን ከብበው እናቃጥላለን ብለው አስፈራሩት፤ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ተሸክሞት የነበረው በቅሎ ወደቀ፤ በጨለማም በእግሩ ተጐተተ። የተሰደደበት ኩኩሶስ በአርማንያ ተራሮች መካከል ያለ ታናሽ ከተማ ነው፤ ዛሬ በቱርክ አገር ጎክሱን ይባላል። በዚያ በደግነት የተቀበሉት አልጠፉም፤ አሮጊቷ ዲያቆናዊት ሳቢኒያናም ተከትላው መጣች። ክረምቱ ግን ጸናበት። በጢስ በተሞላ ክፍል በብዙ ልብስ ተጠቅልሎ ይውል ነበር፤ ሆዱ ምግብ አልቀበል አለው፤ እንቅልፍም ራቀው። የኢሳውርያ ሽፍቶች አገሩን ስለ ወረሩ በበረዶ ላይ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሸሸ።

አሳዳጁ ንግሥት አውዶክስያ በዚያው በ404 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሞተች። አንዳንዶች ይህን እንደ ፍርድ አድርገው ይተርኩታል። ነገር ግን እርሷ ሞተች ተብሎ ዮሐንስ አልተፈታም፤ ሦስት ዓመት ያህል በስደት ቈየ። የሮሜው ሊቀ ጳጳሳት ኢኖከንዮስ ፍርዱ እንዲታይ በ406 ዓ.ም. መልእክተኞች ቢልክም በመንገድ ታስረው እንዲሁ ተመለሱ። እንግዲህ ጸሎት ነበረ፥ እውነት ነበረ፥ የሚሟገትም ነበረ፤ መልስ ግን አልመጣም።

ከስደት የጻፋቸው ሁለት መቶ አርባ ያህል መልእክታት ዛሬ ይገኛሉ፤ ዐሥራ ሰባቱ ለኦሊምፒያዳ የተላኩ ናቸው። እርሷ በኀዘን ተይዛ ታማ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ላይ የደረሰውን ጥፋት እያየች እግዚአብሔር ዝም ማለቱ ልቧን ሰበረው። ዮሐንስ ሕመሙን አልደበቃትም፤ ብርዱን፥ ትውከቱን፥ የወዳጆቹን ዝምታ ነገራት። በእውነት የሚያስፈራ አንድ ነገር ብቻ እርሱም ኀጢአት እንደ ሆነ፥ ሌላው ሁሉ ግን እንደ ጢስ የሚያልፍ መሆኑን ደጋግሞ ጻፈላት። በመከራው ለተሰናከሉ ሁሉ ደግሞ ስለ እግዚአብሔር መግቦት አንድ መጽሐፍ አዘጋጀ። በዚህም መጽሐፍ የእርሻን ነገር የማያውቅ ሰው ገበሬ በጎተራ ያስቀመጠውን ንጹሕ ስንዴ አውጥቶ በጭቃ ሲበትን ቢያይ አባካኝ ብሎ እንደሚነቅፈው ያመለክታል፤ ስለዚህ መከሩን ሳያዩ መፍረድ እንደማይገባ ያስተምራል። አብርሃምንም ያነሣል፤ ተስፋውን በሰጠው አምላክ የተስፋውን ልጅ እንዲሠዋ ሲታዘዝ ሁለቱ ነገር እንዴት እንደሚገጥም አልተመራመረምና።

እዚህ ላይ የአንጾኪያው ስብከት ይታወሰኛል። በ386 ዓ.ም. በጤና ቀን፥ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት፥ መናፍቃንን ለመርታት የእግዚአብሔር ባሕርይ አይመረመርም አለ። ከሃያ ዓመት በኋላ በኩኩሶስ በብርድ ተቀምጦ የእግዚአብሔር ሥራውም ከመጨረሻው በፊት እንደማይመረመር ጻፈ። ትምህርቱ አንድ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ግን ሰሚው ያጨበጭብለት ነበር፤ በሁለተኛው ከእርሱ የቀረበ ተሟጋች አልነበረውም፤ ለስታጊርዮስ የነገረውን ለራሱ መንገር ነበረበት።

ብዙ ሰዎች ከአንጾኪያ እየመጡ ይጐበኙታል ተብሎ ስለ ተከሰሰ በ407 ዓ.ም. ከዚያ ወደ ራቀው ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ፥ ጲጥዮስ ወደሚባል ስፍራ እንዲወሰድ ታዘዘ። ሁለት ወታደሮች በፀሓይና በዝናብ ሦስት ወር ያህል ነዱት። በመንገድ ቢሞት ሹመት ተስፋ እንደ ተሰጣቸው ዜናውን የጻፈው ጳላድዮስ ይናገራል፤ ከሁለቱ አንዱ ግን በሥውር ይራራለት ነበር። በጳንጦስ ኮማና አጠገብ በሰማዕቱ ባሲሊስኮስ ቤተ ክርስቲያን አደሩ፤ ሰማዕቱም በሌሊት ተገልጦ በማግሥቱ አብረው እንደሚሆኑ ነገረው። ሲነጋ ጥቂት እንዲያቈዩት ቢለምናቸው እንቢ ብለው ወሰዱት፤ ነገር ግን ስለ ደከመ ጥቂት ርቀው ተመለሱ። በዚያም ነጭ ልብስ ለበሰ፤ የነበረውን ልብስ በዚያ ለነበሩት ሰጠ፤ ቅዱስ ቍርባን ተቀበለ። በመከራውም በደስታውም ሁሉ እግዚአብሔርን ማመስገን ልማዱ ነበርና ያንኑ ምስጋና አቅርቦ፥ አሜን ብሎ ዐረፈ። ዕለቱ በግሪኮች አቈጣጠር መስከረም 14 ቀን፥ እነርሱ የመስቀልን በዓል የሚያከብሩበት ቀን ነው። ስለዚህ መታሰቢያውን ወደ ኅዳር አዛውረውታል።

ኦሊምፒያዳም እንደ እርሱ ከቍስጥንጥንያ ተሰዳ ነበር፤ በ408 ዓ.ም. ዐረፈች። ፍርዱ ሲገለበጥ አላየችም። በ438 ዓ.ም. በጥር ወር ሊቀ ጳጳሳት አብሮቅሎስ ዐፅሙ ከኮማና እንዲመጣ አደረገ፤ ሕዝቡም በመርከብና በመብራት ባሕሩን ሞልቶ ተቀበለው። የአርቃድዮስና የአውዶክስያ ልጅ ንጉሥ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ግንባሩን በሣጥኑ ላይ አኑሮ፥ አባቱና እናቱ ባለማወቅ ስለ በደሉት ይቅርታ ለመነ።