በሩን ሳይዘጋ የቀለደው ሌኒ ብሩስ

ካምፓስ ሳለን ማታ ማታ ዶርም ውስጥ የነበረውን ጨዋታ ታስታውሱታላችሁ። ቀልዱ ወደ ባለሥልጣን ጠጋ ሲል አንዱ ተነስቶ ኮሪደሩን ቃኘት ያደርግና በሩን ዘግቶ ይመለሳል። ዋናው ቀልድ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነበር። አዘጋጆቹ ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ያ በር ትዝ አለኝና በሩን ሳይዘጋ የቀለደውን አሜሪካዊ መረጥኩ።

ሌኒ ብሩስ የመድረክ ስሙ ነው። ሊዮናርድ አልፍሬድ ሽናይደር ተብሎ በ1925 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ግዛት ሚኒኦላ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ወላጆቹ ልጅ ሳለ ተፋቱ፤ ዘመድ ቤት እየተዘዋወረ አደገ። እናቱ ሳሊ ማር ራሷ መድረክ ላይ የምታስቅ ሴት ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ኃይል አገልግሎ ተመለሰና በየምሽት ክበቡ፣ እርቃን ዳንስ ቤቶች ሳይቀሩ፣ በዳንሰኞቹ መሀል እየገባ ማሳቅ ጀመረ።

ያኔ ኮሜዲያን ማለት ስለ አማቱና ስለ ሚስቱ የሚቀልድ ሰው ነው። ብሩስ ግን ስለ ዘር፣ ስለ ሃይማኖት ነጋዴዎች፣ ስለ ሕግና ሰው በጓዳው እያደረገ በአደባባይ ስለሚያወግዘው ነገር ሁሉ ያወራ ነበር። አንዱን ሥራውን ልንገራችሁ። ግብዣ ላይ አንድ ነጭ ከጥቁር ሙዚቀኛ ጋር ወዳጅ ለመምሰል ይለፋል። ስለ ቦክሰኛው ጆ ሉዊስ ያነሳል፣ ስለ ምግብ ይጠይቃል፣ ባወራ ቁጥር ንቀቱ እየወጣ ይሄዳል፤ እሱ ግን ደግ የሆነ ነው የሚመስለው። ውጭ አገር የምትኖሩ የክፍል ጓደኞቻችን ይህን ሰውዬ በደንብ ታውቁታላችሁ። ለእናንተ በጆ ሉዊስ ፋንታ ስለ ሯጮቻችን ነው የሚያነሳው።

እኛ አገር አዝማሪውም ሆነ ቀልደኛው ነገሩን በሰም ሸፍኖ ያቀብላል፤ ከተጠየቀ ሰሙን ይዞ ይከራከራል። ብሩስ ሰም የሚባል ነገር አልነበረውም።

በየካቲት 1961 ከባድ በረዶ በወረደበት ሌሊት ካርኔጊ አዳራሽን ሞላ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በብልግና ተከሶ ታሰረ፤ በነፃ ተለቀቀ። እስሩ ግን በዚያ አላበቃም። በ1962 መጨረሻ ቺካጎ ላይ ሲይዙት ከተመልካቹ መካከል አንድ ወጣት መታወቂያ አላሳይም ብሎ እዚያው የፖሊስ መኪና ውስጥ ተጫነ። ልጁ ኋላ ዝነኛ የሆነው ጆርጅ ካርሊን ነበር።

በ1964 ኒው ዮርክ ላይ ተይዞ ሦስት ዳኞች ፊት ቆመ። እዚህ ችሎት የሆነው ነገር ለእኔ ከቀልዶቹ ሁሉ ይበልጣል። አንድ የከተማው ተቆጣጣሪ ክበቡ ውስጥ ተቀምጦ ማስታወሻ ሲይዝ አምሽቷል። ምስክር ሆኖ ቀረበና ያን የተቆራረጠ ማስታወሻ እያየ የብሩስን ትርኢት ለዳኞቹ አቀረበው። ቀልድ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ከተናጋሪው ተነጥቆ ሲነበብ ስድቡ ብቻ ነው የሚቀረው። ብሩስ ትርኢቱን ራሱ እንዲያሳያቸው ለመነ፤ አልተፈቀደለትም። ጄምስ ባልድዊንና ኖርማን ሜይለር ያሉበት ረጅም የደራስያን ስም ዝርዝር በድጋፍ ፈረመለት፤ ፍርዱን አላስቀየረም። አራት ወር እስራት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ምክንያት ከእስር ቤት ውጭ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ክበቦቹ ፈሩት። መድረክ ሲያገኝም የችሎቱን መዝገብ ያነብ ጀመር፤ ሊስቁ የመጡት ሰዎች እያዛጉ ይወጡ ነበር። ሁሉን በዳኞች ላይ መጫንም ልክ አይደለም፤ አደንዛዥ ዕፅ ቀድሞም ይዞት ነበር። ነሐሴ 3 ቀን 1966 ሆሊውድ ባለው ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሞርፊን ነው የገደለው። ዕድሜው 40 ነበር።

አብሮት የተፈረደበት የክበቡ ባለቤት በይግባኝ ፍርዱ ተነሳለት። የብሩስ ግን ስሙ ላይ እንዳለ ቀረ። በታኅሣሥ 2003 የኒው ዮርክ አገረ ገዢ ጆርጅ ፓታኪ ይቅርታ አደረጉለት፤ በግዛቲቱ ታሪክ ለሞተ ሰው የተሰጠ የመጀመሪያው ይቅርታ ነው። ሴት ልጁ ኪቲ ደርሳበታለች።