በጠመኔ ክብ ያስተማረው ሰው

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ካይዘንን ያስተማርኩት ሦስት ቀን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ እያወራሁ ነበር። 7ቱን ብክነቶች ዘረዘርኩ፤ ሠራተኞቹም ጻፉ። ከወር በኋላ ስመለስ ግድግዳው በ5ቱ ማዎች ማስታወቂያ ተሸፍኗል፤ ሥራው ግን እንደነበረው ነው። እነዚያን ብክነቶች የለየው ታይቺ ኦኖ ራሱ እንዴት ያስተምር እንደነበር መመርመር የጀመርኩት ያኔ ነው።

ኦኖ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1912 በቻይናዋ ዳሊያን ከተማ ነው። በናጎያ የቴክኒክ ትምህርቱን ጨርሶ በ1932 በቶዮዳ ቤተሰብ የፈትልና ሽመና ድርጅት ተቀጠረ፤ በ1943 ወደ ቶዮታ መኪና ፋብሪካ ተዛወረ።

ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ገንዘብም ጥሬ ዕቃም አጥሯት ነበር። የማሽን ክፍሉን ይመራ የነበረው ኦኖ አንድ ሠራተኛ ሁለት፣ ሦስት ማሽን እንዲይዝ ሲያደርግ ተቃውሞ ገጠመው። በ1950 ደግሞ ቶዮታ ለኪሳራ ተቃርቦ ሠራተኛ ቀነሰ፤ አድማም ተመታ። ኦኖ ግን አልተመለሰም። ከአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ደንበኛ ያነሳውን ያህል ብቻ መደርደሪያ መሙላትን ወስዶ፣ ካንባን በተባለች ትንሽ ካርድ ምርቱን መቆጣጠር ጀመረ።

ሲያስተምር ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ሠርቶ ሠልጣኙን እዚያ ያቆመውና ይሄዳል። ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ምን እንዳየ ይጠይቀዋል። መልሱ ካላረካው ሠልጣኙ እዚያው ቆሞ ይቀጥላል። ኦኖ ቁጡ ስለነበር ብዙዎች ይፈሩት ነበር፤ ይህን ጠባዩን ግን ለማንም አልመክርም።

ወደ ፋብሪካው ጠመኔ ይዤ ተመለስኩ። ክቡ ውስጥ መጀመሪያ የቆምኩት እኔ ነኝ። አንድ አንጋፋ በያጅ ኤሌክትሮድ ባለቀባቸው ቁጥር ግቢውን አቋርጠው ወደ መጋዘን ይሄዳሉ፤ የጀመሩት ሥራ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው ችግሩን ዓመታት አውቀውታል፤ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። በማግስቱ አጠገባቸው አንዲት ሣጥን ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ያዩትን መናገር ጀመሩ።

ኦኖ በ1978 ጡረታ ወጥቶ በ1990 አረፈ። የካይዘን ኢንስቲትዩት በአገራችን የተቋቋመው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ በ2004 ዓ.ም. ነው። እኔም ዛሬ የአዳራሹን ትምህርት ከግማሽ ቀን አላስበልጥም፤ የቀረውን ጊዜ ከሠራተኞቹ ጋር ወለሉ ላይ እቆማለሁ።